የቄሱ ግጥም በቃሌ

ባለፈው ቅዳሜ በምኖርባት አላሜዳ ከተማ አንድ ጎረቤቴ አሮጌ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ፣ ከተሰነጠቀ ሰሃን ሥር ያንን እንግሊዛዊ ቄስ አገኘሁት። ሰውየውን ሳይሆን መጽሐፉን ነው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ገጠር እያገለገለ፣ የድሃ ልጆችን እያስተማረ፣ በትርፍ ጊዜው የሚገጥም፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሰው ነበር። እኔ ግን ውለታው አለብኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ እየኖርኩ፣ ጠዋት ሚልፒታስ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ሳን ሆዜ ኮሌጅ እማራለሁ። አስተማሪያችን ጽሑፍ የምንሠራባቸውን ገጣሚዎች ስታከፋፍል ታዋቂዎቹን ፈጣኖቹ ተሻሟቸው፤ ቄሱ ለእኔ ተረፈ። መጽሐፉ ደግሞ ለተማሪ ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ፣ ሚጥሚጣ የነሰነስኩበትን የቱና ሳንድዊቼን ደጅ ጥግ ይዤ እውጥና ገብቼ፣ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ዳዊት እንዳጠናሁት እየተወዛወዝኩ አነበንባለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ "እሽሽ!" ስትለኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ እንጂ መወዛወዙን አልተውኩም። ዝናቡ ሳያባራ መጽሐፉን በቃሌ ያዝኩት።

ጽሑፌን ስጽፍ ታዲያ ግጥሞቹን እንዳለ ከቃሌ አወረድኳቸው፤ ገጽ የሚባል ነገር አልጠቀስኩም። የኔታ ቤት ገጽ የሚያይ ያላጠና ነው! አስተማሪዬ በቀይ ቀለም "ከማን ጽሑፍ ገለበጥከው?" ብላ መለሰችልኝ።

አብሮኝ የሚኖረው ተስፋዬ ደነገጠ። "አንተ፣ ሶሪ በላትና ፔፐሩን እንደገና ሰብሚት አድርግ! ይሄን ክላስ ፌይል ካደረግህ እኮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርህ ቀረ።"

"ላልሰረቅሁት ሶሪ አልልም" አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

በማግስቱ ቢሮዋ ገብቼ "መጽሐፉን ይያዙና ይጠይቁኝ" አልኳት። አስመጥታ አንዱን ገጽ ገለጠች። ቄሱ በኩፍኝ ስለሞተችበት ተማሪው የገጠመው ነበር፤ ስሟን ከመዝገብ መሰረዝ አቅቶት በየጠዋቱ ይጠራታል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየተወዛወዝኩ ተወጣሁት። ሌላ ገለጠች፤ እሱንም። አምስተኛው ላይ ጣቷ መስመር መከተሉን ተወ።

"ይህን ሰው በየዓመቱ ለመጨረሻው ተማሪ እሰጠዋለሁ" አለች መጽሐፉን እየከደነች። "ራሴ ግን አንብቤው አላውቅም። ይቅርታ አድርግልኝ።" መጽሐፉን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ "እባክህ፣ የልጅቷን ድገምልኝ" አለችኝ።

ደገምኩላት። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ኦክላንድ ደረስኩና ተስፋዬን "ኤ ሰጠችኝ!" ብዬ አንቄ አቀፍኩት። ዩኒቨርሲቲውም ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገጣሚዎች አንብቤአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ቄሱን ያስንቁታል። አሁን በስተርጅና ሳስበው ግን ያን ቀን ያሸነፍነው ሁለት ነን። እኔ ሌባ አለመሆኔን አስመሰከርኩ። እሱ ደግሞ ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ "ድገምልኝ" ተባለለት። ገጣሚ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?