ፍም የዋጠው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ይሙት አታምኑኝም፣ ነቀምቴ አጠገብ፣ ጉቴ ላይ ተረት የሚበላ ቃር አይቻለሁ።

ቃሩ የአያቴ የአካኮ ገመዳ ነበር። ያኔ ከጉቴ እስከ አርጆ እንደሳቸው ተረት የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸው ሲያወሩ የምድጃው ፍም እንኳ መክሰሙን ረስቶ ያዳምጥ ነበር። አንድ ተረት ብቻ አቃታቸው። ጅብ ሥጋ መስሎት ፍም ይውጣል፤ ደረቱ እየነደደ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይሄዳል፤ አዋቂውም ሆዱን ዳብሶ፣ «ስማኝ አያ ጅቦ» ይለዋል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ያ የሚያቃጥል ነገር ከሆዳቸው ወደ ጉሮሯቸው ይወጣል። ደረታቸውን ይዘው፣ «ማል ጎዳ፣ ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ነገ» ይሉና ይተኛሉ።

ነቀምቴ ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ። ኪኒን ሰጥቶ፣ ቅቤና ቃሪያ ይተዉ፣ ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ እራትዎን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሱ፣ በልተው ወዲያው አይተኙ፣ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ ያድርጉ አላቸው። አባቴ ከራስጌው ሥር ግንድ ከተተ፤ ግንዱ ትንሽ ስለበዛ አካኮን ጠዋት ጠዋት ከበሩ ደፍ ላይ እናነሳቸው ነበር። ግን ረዳቸው። ድምፃቸው ጠራ። «ቅዳሜ ማታ የጅቡን መጨረሻ እነግራችኋለሁ» አሉ።

ጎረቤት ይህን ሰማ። በእኛ ዘንድ ተረት በቀን አይወራም፣ ከብት ይጠፋል፤ ተረት ሊሰማ የሚመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። ቅዳሜ ማታ በየእጁ ጩምቦ ይዞ ገባ፤ ቂጣው በቅቤና በአይብ የሚዋኝበት ጩምቦ፣ ጥጃ ብትገባበት የምትሰጥምበት። አካኮ እጃቸውን ሰብስበው ነበር። አንዷ ጎረቤት፣ «ከእኔ እጅ ተጠየፉ?» ስትል ጎረሱላት። «የእሷ ተበልቶ የእኔ ሊቀር ነው?» አለች ሌላዋ። ሰሃን መመለስ ሰው መመለስ ነውና ሁሉንም ቀመሱ። ኩራዙ ተለኮሰ፣ እኛም ተጠጋን። ጅቡ ፍሙን ዋጠ፣ ከአዋቂው ደረሰ፣ «ስማኝ አያ ጅቦ...» እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተመለሰም። ጉሮሯቸው እየጠበበ ሄዶ ውሃ እንኳ ይታገላቸው ጀመር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናቸው።

ዛሬ ቃሩ እኔ ጋ ነው። ርስት አላወረሱኝም፣ እሱን አወረሱኝ። በእኔም አልጋ ራስጌ ሥር ግንድ አለ፤ ልጆቼ ግን ተረት አይጠይቁኝም፣ እኔም ከየትኛው ጫፍ እንደምጀምርላቸው ጠፍቶኛል። ደረቴን ይዤ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ያ የለቅሶ ቀን ነው። ለቀስተኛው ያንኑ ጩምቦ ተሸክሞ ይገባል። የአካኮን ሚስት፣ አያቴን ዲንቄን ጥግ ይዤ፣ «አኮ፣ አዋቂው ጅቡን ምን አለው?» አልኳት።

ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ማታ አትብላ አለዋ። ጅብ ታዲያ መቼ ሊበላ?»