በወንድሜ እጅ

አባቴን በጥፊ የመታው የገበሬ ማኅበሩ አብዮት ጠባቂ ነበር። ወሎ፣ መርሳ፣ የመስኖው ቦይ ዳር፣ የውኃው ተራ የእኛ በነበረ ጠዋት። ሰውየው ውኃውን ወደ ዘመዱ ማሳ ሲጠልፍ አባቴ «ተራው የእኔ ነው» ቢለው መታው። በደርግ ጊዜ ጠመንጃ ያነገተ ሁሉ መንግሥት ነበር። የአባቴ ጥምጥም ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ጨመቀው፣ እርጥቡን መልሶ ጠመጠመው። እኔ ሽንኩርት እያረምሁ አየሁ። ያን ሰው አፈር ሲበላው ማየት ፈለግሁ፤ ዛሬም ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል።

ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለበቀል እንዳይነሣ ብዙ ሰው ይዞት ነበር። አባቴ «ልጄ፣ ሰብር አድርግ፣ ታገሥ፤ ጁምዓ ሽማግሌ ይቀመጣል» አለው። ቁርኣን ያስቀራው ሸኽ ከመስጊድ እስከ ደጃችን እያዋራው ይሸኘው ጀመር። ጓደኞቹም አመሻሽ ላይ እየመጡ ለኳስ ይወስዱታል። ልጁ በረደ። እኔን ያበገነኝም መብረዱ ነው።

ስለዚህ እኔ ተነሣሁበት። ምሳውን ከቤቱ ሕፃናት ጋር አቀረብሁለት። ልብስህን አላጥብም አልሁት። «ሱሪህን ስጠኝና ቀሚሴን ልበስ» አልሁት። ከቤት በወጣ ቁጥር «ያ ሰው በአባትህ ሲስቅ ሰማሁት» እለዋለሁ። አልሰማሁም፤ ፈጥሬ ነው። የወንድሜ ጆሮ ይቀላል።

ሽማግሌ ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ሻይ ቤት በር ላይ ወንድሜ ሰውየውን በጩቤ ወጋው። ወሬው ሲደርሰኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አባቴ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። በጥፊው ቀን እንባ አልወጣውም ነበር።

ወልድያ ወህኒ ቤት ስንቅ ይዤ ስሄድ ዘበኛው ምግቡን አስቀመሰኝ። ወንድሜ ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ከሽቦው ወዲያ ቆሟል። ስለ አባታችን ጤና ጠየቀኝ፤ ስለ ሽንኩርቱ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እታለም፣ አሁንስ በቃሽ?» አለኝ።

አለቀስሁ። ለእሱ ያለቀስሁ መስሎት በሽቦው ቀዳዳ ጣቱን ሰድዶ «አይዞሽ» አለኝ።

እኔ ያለቀስሁት ሰውየው በመትረፉ ነበር።