ለስልሳ ወንበር የተመረጠ ኮንቨርተር

ወንድሜ የትራኩን ሞተር ከፍቶ ለፍጥነት የተሠራ ካምሻፍት ያስገባው ከመታመሙ ከሁለት ወር በፊት ነው። ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች በየተራ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ከዚያ በኋላ ትራኩ ቆሞ ሲሠራ እንደ ድሮው ዝም አይልም፤ ያጉረመርማል፣ ይንገጫገጫል። እናቴ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ታውቀው ነበር። «መጣ» ትልና በሩን ትከፍታለች።

የቀረው አንድ ዕቃ ነበር፤ ቶርክ ኮንቨርተር። እሱን ሳይገዛ ታመመ። ሕመሙ ስድስት ሳምንት አልሞላም። ስለዚያ ስድስት ሳምንት መጻፍ ሞክሬ አቃተኝ። ስለ ኮንቨርተሩ ግን መጻፍ እችላለሁ።

መጀመሪያ ትራኩ ምን እንደሆነ ልናገር። ጥቁር ፒክአፕ ነው፤ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ የጭነት ቦታው አጭር። ወንድሜ አንዳንድ ቅዳሜ ስማይርና ከምትባል ከተማ ከሚመጣ ጓደኛው ጋር ወደ ውድድር ሜዳ ይወስደው ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚፈተለኩበት ሜዳ ነው። እሑድ ደግሞ ያው ትራክ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማል። በሳምንቱ ውስጥ ሰው ከሞተ ወንበር ይጭናል።

እዚህ አሜሪካ ያለው እድራችን ስልሳ ታጣፊ የብረት ወንበር፣ ስድስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ የሻይ ማፍያ አለው። ዲኬተር ከተማ በተከራየነው የዕቃ ማከማቻ፣ ስቶሬጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው ወንድሜ ነበር። ማንም አልመደበውም። አንድ ስብሰባ ላይ ትራክ ያለው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ እጁን አነሳ፤ ከዚያ በእድሩ ደብተር ላይ «ወንበር» ከሚለው ጎን ስሙ ተጻፈ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልተነሳም። ከሥራ ላይ ጠርተውታል፣ ከውድድር ሜዳ ጠርተውታል፣ አንዴም ልደቱን ስናከብር ጠርተውታል። «አይመቸኝም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምናገረው ይህን ነው።

እሱ ሲሞት ወንበሩን ሌሎች አመጡት። ለቅሶው ሲያበቃ ግን እኔና አባቴ ራሳችን እንመልሰው አልን። በሱ ትራክ። እኔ ነዳሁ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከቤታችን ዲኬተር እስክንደርስ ሦስት ትልልቅ መብራቶች አሉ። ሦስቱም ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ፍሬን ስረግጥ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ከዚያ ጸጥ። ስልሳው ወንበር ከኋላዬ ይንኳኳል። ከኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ። የአባቴ ቀኝ እግር ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። አገር ቤት ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፣ እዚህ ደግሞ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ፣ ይነዳል። ጭነት የያዘ መኪና መሐል መንገድ ላይ ሲጠፋ ለሱ ነውር ነው።

ወንበሩን አውርደን ስንጨርስ የስቶሬጁን በር ይዞ ቆመ።

«ትራኩ እስከ ሙት ዓመቱ ከተሠራ ይቀመጣል» አለኝ። «ካልሆነ ይሸጣል። እንዲህ ሆኖ ደጄ ላይ ቆሞ ማየት አልችልም።»

በዚያው ሰሞን እድሩ የወንበሩን ሥራ ቫን ላለው ለሌላ ሰው ሰጠ። ማንንም አልወቅስም። ሰው መሞቱን አያቆምም፣ ወንበር መድረስ አለበት። ግን በደብተሩ ውስጥ በወንድሜ ስም ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ይህ ነው ያቃጠለኝ።

ችግሩን አውቀው ነበር። እንደሚገባኝ ላስረዳ። አውቶማቲክ መኪና በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በምትኩ በሞተሩና ማርሽ በሚቀይረው ትራንስሚሽን መካከል ዘይት የሞላው ድቡልቡል ብረት አለ፤ ኮንቨርተር ማለት እሱ ነው። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፣ ዘይቱ መኪናውን ይገፋል። ፋብሪካው የሠራው ኮንቨርተር ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ አጥብቆ ይይዛል። የወንድሜ አዲስ ካምሻፍት ደግሞ ከፍ ያለ ዙር ካላገኘ አቅም የለውም። ስለዚህ መብራት ላይ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይታነቃል። መፍትሔው ዘግይቶ የሚይዝ ኮንቨርተር ነው። አጥብቆ ከመያዙ በፊት ሞተሩ በደቂቃ የሚደርስበት ዙር ስቶል ይባላል። ምርጫው ሁሉ ያ ቁጥር ነው። ሲያንስ ያው ይታነቃል። ሲበዛ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ቶሎ አይሄድም፤ ዘይቱም በከንቱ ሲናጥ ይግላል፣ ትራንስሚሽኑን ያቃጥላል።

ወንድሜ ቁጥሩን መርጦ ነበር። የዕቃ ሳጥኑ ክዳን ላይ በለጠፈው ወረቀት ፕላስተር ላይ በእጁ ጽፎታል፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ከሥሩ የትራኩ ክብደት አለ። ጋራዥ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። ስድስቱን እንደ ሁልጊዜው ጅራቷን አስረዝሞ ነው የጻፋት።

የስማይርናው ጓደኛው አልተጠራጠረም። «ብሮ፣ እሱ ጽፎልሃል እኮ። ምን ታስባለህ? ኦርደር አድርግ» አለኝ።

ላደርግ ነበር። ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ ውስጥ ኮንቨርተር ብቻ የሚሠራ ሱቅ አለ። ደወልኩ። ያነሳው ድምፁ የደከመ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ቁጥሩን ነገርኩት። ቁጥሩን አልጠየቅሁህም አለኝ። የሞተሩን ዓይነት፣ የካምሻፍቱን መለኪያ፣ የዲፈረንሻሉን ጥርስ፣ የጎማውን ቁመት ጠየቀኝ። መለስኩ። ሰዎች ሁለት ነገር ይዋሹኛል አለ፤ ክብደቱን ቀንሰው ይነግሩኛል፣ የሚወዳደሩበትን ቀን አብዝተው ይነግሩኛል። ከዚያ ትራኩ ሰኞ ሰኞ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበል? ወንበር ይጭናል ማለት አፈርኩ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ለአባቴ መናገር አልፈለግሁም ነበር። እሱ የመኪና ነገር የሚያውቀው በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ነው፤ ይህ አይገባውም ብዬ ነው። ግን አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ አገኘኝና ምን ላይ ደረስህ አለኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አማርኛው ሲጠፋብኝ በእጄ አሳየሁት። ሳልጨርስ ገባው።

«ግማሽ ፍሪሲዮን ነዋ» አለ። «ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ ስትነሳ፣ ሙሉ አትለቀውም፣ ሙሉም አትይዘውም። ሞተሩን ከፍ ታደርግና ቀስ እያልክ ታስይዘዋለህ። ይሄ በእግር ፋንታ በዘይት ነው።»

ሃያ ዓመት በእግሩ ሲሠራው የኖረውን ነገር እኔ ላስተምረው ነበር። ከዚያ ወደ ፕላስተሩ ቀረበና ክብደቱን አነበበ።

«ይሄ ባዶውን ነው ወይስ ከነጭነቱ?»

«ባዶውን።»

«ባዶውን ለምን ትመዝናለህ? ባዶውን ማንም ይነዳዋል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ስልሳውንም ወንበር፣ ስድስቱንም ጠረጴዛና የሻይ ማፍያውን ጫንን። ትራኩ በየመብራቱ እንዳይጠፋ ፍሬን ረግጬ ማርሹን እያወጣሁ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ትልልቅ የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ድረስ ሄድን። ከፊታችን አንድ ግዙፍ ከባድ መኪና፣ ከኋላችን ሌላ። እኛ በመሐል ወንበር ጭነን። አባቴ ግን ኮራ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ልውረድ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ አብሮ ተመዘነ። «መቼም ሰው ሳይኖርበት አይሄድም» አለ። የወጣው ቁጥር ፕላስተሩ ላይ ካለው በአንድ ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ይበልጣል።

ሰኞ ደወልኩና ለሽማግሌው እውነቱን ነገርኩት። በዓመት ምናልባት አራት ቀን ይወዳደራል አልኩ። በቀረው ጊዜ ይህን ያህል ጭኖ፣ በትራፊክ እየቆመ፣ ወደ ሐዘን ቤት ይሄዳል። እሱም ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አለኝ። ሀይዌይ ላይ ዘይቱን ትቶ ሞተሩን ከትራንስሚሽኑ ጋር በቀጥታ የሚቆልፍ ዓይነት እንዲሆን፣ ራዲያተሩ ፊት ለፊትም ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ እንድጨምር ነገረኝ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ለሜዳው ጥሩ ነው፤ ወንበር ጭኖ በትራፊክ ሲንፏቀቅ ግን ዘይቱን ይቀቅለዋል አለ።

ሁለት ቀን ሳላዝዝ ቆየሁ። የወንድሜን ቁጥር መተው ቀላል አልነበረም። እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ደጋግሜ አሰብኩ። ያን ቁጥር ሲጽፍ ስለ ቅዳሜው ውድድር እያሰበ ነበር። በሽታ ከጀርባው መቆሙን አያውቅም። ደስ ብሎት ነው የጻፈው። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ ሦስቱ መብራቶች ነው። በመጨረሻ ከሱ ቁጥር ሥር፣ የሱን ሳልሰርዝ፣ የራሴን ጻፍኩ። ከዚያ አዘዝኩ።

ጓደኛው ሲሰማ ሳቀብኝ። «ሁለት ሺህ ስምንት መቶ? የሻትል ባስ ነው እንዴ የምትሠራው?»

አባቴ ከኋላው ቆሞ ነበር። «ሻትል ባስ መብራት ላይ አይጠፋም» አለው።

ጓደኛው ቢስቅብኝም የገጠምነው ሦስታችን ነን፤ ሳንጠራው ከስማይርና መሣሪያውን ይዞ መጣ። ትራኩን በአራት ማቆሚያ ከፍ አድርገን ትራንስሚሽኑን አወረድን። አዲሱ ኮንቨርተር ከመግባቱ በፊት ዘይት ይጠጣል፤ ከዚያ እያሽከረከርክ ወደ ውስጥ ስትገፋው ሦስት ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ መግባት አለበት። ሁለት ላይ ቀርቶ በቡሎን ከጠበቀ ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ የዘይት ፖምፓው ይሰበራል። እጄ ላይ ሁለቱ ተሰሙኝ። ሦስተኛው የለም። ጓደኛው ገብቷል፣ እንሰረው አለ። አባቴ በጀርባው ተኝቶ ከሥር በባትሪ እያየ ነበር። «ሁለት ነው የሰማሁት፤ አንዴ አዙረው» አለ። አዞርኩ። አሁንም የለም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በግራ እጄ ደግፌ በቀኜ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳዞረው ቀጭ አለና የጣት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ያን ስሜት እስካሁን መዳፌ ላይ አውቀዋለሁ።

ሞተሩን ስናስነሳ እናቴ በሩ ላይ ወጣች። ማንም አልጠራትም። ድምፁ ያው ነበር፤ የሱ ማጉረምረም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው፣ ከዚያ ገባች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ለሙት ዓመቱ ወንበሩን እኛ እናምጣ ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። ቫን ላለው ሰውዬ አባቴ ራሱ ደውሎ ነገረው። ዲኬተር ሄደን ጫንን። የመጀመሪያው መብራት ቀይ ነበር። ቆምኩ። ዙሩ ትንሽ ወረደ፣ እዚያው ተረጋጋ። ትራኩ ቆሞ ያጉረመርማል፣ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ አይጠፋም። የአባቴን እግር አየሁ፤ ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አረንጓዴ ሲሆን ነዳጅ ሰጠሁት፤ መጀመሪያ ድምፁ ከፍ አለ፣ ከዚያ ትራኩ ስልሳውን ወንበር ይዞ ሳይንገጫገጭ ተነሳ።

«ያዘ» አለ አባቴ። ሁለተኛው መብራት ላይም እንዲሁ አለ። ሦስተኛው ላይ ግን ወደ ውጭ እያየ ነበር።

ሰው በልቶ ሲበተን የእድሩ ሰብሳቢ ደብተራቸውን ይዘው ወደ አባቴ መጡ። ቫን ያለው ሰው ሥራ በዝቶበታል አሉ። በጥንቃቄ ነበር የሚናገሩት፣ ቤቱ የሐዘን ቤት ስለሆነ። «የወንበሩን ነገር ከዚህ በኋላ ለማን ልበል?»

አባቴ እኔን አላየኝም። «እኛ ቤት ብለው ይጻፉት» አለ።

የመጀመሪያው ጥሪ ሥራ ላይ እያለሁ መጣ። አንዲት እናት አርፈዋል፣ ወንበሩ ዛሬ ይድረስ ተባልኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ዲኬተር ብቻዬን ስልሳውን ጫንኩ፣ እየቆጠርኩ፣ በገመድ አሰርኩ። ማቀዝቀዣው ጥሩ ይሠራል፤ የዘይቱ ሙቀት መለኪያ ከመሐል አላለፈም። ትራፊኩ ተጨናንቆ ነበር። በየመብራቱ ቆምኩ። አንዱም ላይ አልጠፋም። ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ከማላውቃቸው ወንዶች አንዱ የትራኩን ድምፅ ሰምቶ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ወደ ውስጥም ዞሮ «ወንበር መጣ» አለ።