ለጋሼ የሰጠኋቸው አገር

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅኩት በእግሬ ነው። ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ ነበር፤ ጫማዬንም በር ላይ አስወልቀውኛል። ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ረገጥኩ፣ ከዚያ እርጥብ ካርቶን፣ ከዚያ የሰው ቁርጭምጭሚት።

«ቀስ በል ልጄ፣ እዚህ ሰው ይኖራል» አሉ ባለ እግሩ።

ጨርቁ ሲፈታልኝ አየኋቸው። ሽበታም፣ ሲተነፍሱ ደረታቸው የሚያፏጭ፣ የገጠር አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ምን አድርጌ እንደታሰርኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

ኮሌጅ ውስጥ የተረትና የአፈ ታሪክ ኮርስ እወስድ ነበር። ለጥናቴ ገጠር ወርጄ የሽማግሌዎች እንቆቅልሽ ስልኬ ላይ ቀዳሁ። ወጉ መቼም ይታወቃል፤ መልሱ የጠፋበት ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ቅጂው ላይ ሽማግሌዎቹ እየተሳሳቁ ሐረርንና ጅማን ሲሰጣጡ ይሰማል። መርማሪው ደጋግሞ አዳመጠና «ማን ሆናችሁ ነው አገር የምታከፋፍሉት?» አለኝ። ጨዋታውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ከንፈሩ ዳር ሳቅ ሲያመልጠው አይቻለሁ፤ በልጅነቱ ስንት ከተማ እንደወሰደ እግዜር ይወቅ። ቢሆንም ክስ አድርጎ ጻፈው።

ጋሼ ይህን ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በል እንግዲህ፣ ወንጀልህን እዚሁ እንቀጥልበት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ምሳችንን ከበላን በኋላ እንቆቅልሽ የክፍላችን ሥራ ሆነ። እኔን የሚያሸንፈኝ አልነበረም። የተማርኩት እሱን ነዋ! ጎንደርን ከነግንቡ ወስጃለሁ። ጋሼ ግን ሌሎቹን ሲያሸንፉ ትልቅ ከተማ አይወዱም።

«ባሕር ዳርን ሰጠሁዎ።»

«አልፈልግም፣ ጨምር!»

«ድሬዳዋን።»

«ጨምር አልኩህ!»

የሚፈልጉት የተወለዱባትን መንደር ነበር። ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሚስታቸው እዚያ ሲቀበሩ ጋሼ ከእኛ ጋር ተቆልፎባቸው ነበር፤ መቃብራቸውን አላዩም። በክፍላችን ሕግ አገር ተቀባይ እምቢ ማለት ይችላል፣ የሚፈልገውን ስም መጥራት ግን አይችልም። እኛም እያወቅን መንደሯን እንደብቅባቸው ነበር። እሷን ከሰጠናቸው ጨዋታው ያልቃል እያልን እንስቅ ነበር። አይ እኛ!

አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደም ሲተፉ ዋሉ። እኩለ ቀን ላይ ዘቡ በሩን ከፍቶ «አንተ ሽማግሌ፣ ዕቃህን ሸክፍ። መኪና ሲመጣ ትወጣለህ» አላቸው። ወዴት እንደሆነ ስንጠይቀው ቆልፎ ሄደ።

ጋሼ ጋቢያቸውን አጣጠፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልዎ!»

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፤ አይደክመውም።»

ወንዝ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ አገራችን ላይ የለም። ሌሎቹ እኔን አዩኝ። ጭንቅላቴን አከክሁ።

«ነፋስ ነው?»

«አይደለም።»

«ጨረቃ?»

«አይደለችም።»

«አላወቅኩትም፣ ጋሼ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል።

«እንግዲያው አገር ስጠኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

የመንደራቸውን ስም ጠራሁ። ከነወንዟ፣ ከነመቃብሯ ሰጠኋቸው።

ጨምር አላሉም። በወጉ አገር ያገኘ ሰው ተኮፍሶ በሀብቱ ይፎክራል፣ ቀጥሎ ተሸናፊውን ይሳደባል፣ በመጨረሻም መልሱን ይናገራል። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። «እሷ ጋ ገብቼ ምን አጥቼ! ሁሉ በእጄ፣ ሁሉ በደጄ» አሉ ቀስ ብለው። ስድቡን ተዉት። ግንባሬን ሳሙኝ። በሩ ሲከፈት ዘቡ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ እሳቸው ግን «አገሬ ነው የምሄደው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ቀጥ ብለው ወጡ። ጋቢው ካርቶኑ ላይ ቀረ።

አልተመለሱም። የት እንደተቀበሩ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሁን ናይሮቢ ነው የምኖረው። ያቋረጥኩትን ትምህርት በዚህ ዕድሜዬ መሃል ከተማ ካለ ኮሌጅ እየጨረስኩ ነው፤ ኮርሱ ያው ተረትና አፈ ታሪክ ነው። በቀደም ሌክቸረሯ በየቋንቋችን እንቆቅልሽ እንድንጠያየቅ አዘዘችን። አንዲት ልጄ የምትሆን ተማሪ ፊቴ ቆማ «ኪቴንዳዊሊ!» አለችኝ፤ በስዋሂሊ እንቆቅልህ ማለቷ ነው። ክፍሉ በሙሉ «ቴጋ!» ብሎ መለሰላት። ጥያቄዋን መመለስ አቃተኝ፤ ይህኛውንስ የእውነቴን ነው ያላወቅኩት። ልጅቷ እጇን ዘረጋችና «ኒፔ ምጂ» አለችኝ። ከተማ ስጠኝ።

እነሱም ጋ እንዲህ ኖሯል ለካ! ከአፌ ልትወጣ የመጣችው ያቺው መንደር ናት፤ እሷ ደግሞ ባለቤት አላት።

«ናይሮቢን ሰጠሁሽ» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። «አንተስ ምዜ፣ የት ልታድር ነው?» አለችኝ። ምዜ የሚሉት ሽማግሌ ሲሉ ነው።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ሰፈሬ ወደ ኪሌሌሽዋ በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ግን እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሶፍት አቀበለችኝ። በአማርኛ፣ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩ፤ የሚገባው ሰው አልነበረም።

«ወንዝ ነው፣ ጋሼ። ያኔም አውቀው ነበር።»