ቅምሻ አይቆጠርም

እትዬ የፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክበብ ዋና አብሳይ ናት። ታላቅ እህቴ ናት፤ ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እኔ ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ሁለታችንም ቆመን የምንውል ሰዎች ስለሆንን ማታ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ሰላም የምንለው ወንበሩን ነው። እግራችንን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ማን ቀድሞ ወሬ እንደሚጀምር እንጠባበቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጀምርም።

የእትዬ ጉልበት ካለቀ ቆይቷል። ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ካልተሠራ መቆም አትችልም፣ ክብደቷን ካልቀነሰች ደግሞ እሱ ቢላ አያነሳም። ክበቡ ተቀምጣ የምታበስል ሰው አይፈልግም። እትዬ ከምድጃ ፊት ሌላ ቦታ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ስለዚህ ቀበቶውን እሺ አለች።

ቀበቶ ያልነው እኛ ነን። ጨጓራዋ አናት ላይ የታሰረች የላስቲክ ቀለበት ናት። ከቀለበቷ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ሆዷ ላይ ቆዳዋ ሥር ወደተቀበረች፣ የካፖርት ቁልፍ ወደምታክል ነገር ይሄዳል። ነርሷ በዚያች በኩል በመርፌ ውሃ ስትጨምር ቀለበቷ ትጠብቃለች፤ ስትቀንስ ትላላለች። ስትጠብቅ ሰው በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል ተባልን። እትዬ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሚዛኑ ላይ ወጥታ በወረደች ቁጥር የነርሷ ፊት ይጨማደዳል።

"እናቴ፣ ምን ምን በሉ?"

"ምን እበላለሁ ሲስተር! ጦሜን ነው የምውለው።"

አፏን ሞልታ ነው የምትናገረው። እኔም አጠገቧ ቆሜ እመሰክራለሁ፤ ማታ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ስትተኛ በዓይኔ አያለሁ። ነርሷም ሌላ የምታደርገው ስለሌላት ታጠብቃለች። ሄደን እንመጣለን፣ አሁንም ታጠብቃለች። አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ኮሪደር ላይ ተጎልተን፣ ያንኑ ጥያቄና ያንኑ መልስ ሰምተን እንመለሳለን። እውነቱን ልናገርና፣ ቀበቶው እሷ ሆድ ውስጥ ነው እንጂ የታነቅኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሥራ እንደገባች ውሃ ጠጥታ ወዲያው መለሰችው። ደግማ ሞከረች፣ መለሰችው። ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት እየደገፍኩ ድንገተኛ ክፍል አደረስኳት። ቀለበቷ ከልክ በላይ ጠብቃ ኖሯል። ውሃውን በሙሉ ቀዱላትና እዚያው አደረች።

በማግስቱ የክበቡ ሽንኩርት ከታፊ ልትጠይቃት መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ብሶቷን ዘረገፈችው።

"ኧረ ቶሎ ተነሽልን! ዛሬ የስጎው ነገር አይወራ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያጉረመርም ዋለ። አንቺ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ማንኪያው ካፍሽ አይወርድም፤ ማን እንዳንቺ ይቅመስልን?"

መስኮቱ ጋ ቆማ የነበረችው ያችው የቀበቶዋ ነርስ ዞር አለች። "ይቀምሳሉ እንዴ?"

"ታዲያ ሳልቀምስ ላበስል ነው?"

"ይሄን ለምን አልነገሩኝም?"

"የጠየቅሽኝ ምን በሉ ብለሽ ነዋ! ቅምሻ ይቆጠራል እንዴ?"

ነርሷ አልጋው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሾርባና ስጎ ቀለበት አያግዳቸውም፣ ሾልከው ነው የሚያልፉት አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንድ ጎድጓዳ ሳህን ያዢ። እሳቸው በቀመሱ ቁጥር ያንኑ ያህል ጨምሪበት።" በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ በዚህ ከቀጠሉ ጉልበቱን እርሱት አለች። እኔ ተናድጄ ነበር። ያን ያህል ጊዜ በሐሰት የመሰከርኩ ጅል ነኝ።

ፀጉር ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው። እትዬ ወደ ሥራ በተመለሰች ሰኞ ሳህኔን ታቅፌ ክበቡ ገባሁ። "ፖሊስ መጣ!" ብለው ሳቁብኝ። ሾርባውን ቀመሰች፣ ጨመርኩ። ስጎውን ቀመሰች፣ ጨመርኩ። ጨው አክላ ቀመሰች፣ ቲማቲም አክላ ቀመሰች፣ ተጠራጥራ ደግማ ቀመሰች። አንዳንዴ የምትቀምሰው ድካሟን ለመርሳት ይመስለኛል። ማንኪያውን አፏ ውስጥ ይዛ ለአፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ሌላ እረፍት የላትም። አንጀቴን በላችኝ።

የምሳ ደወል ሲደወል ሳህኑ ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ፊቷ አስቀመጥኩት። ሠራተኛው ትሪውን እያንኳኳ ሲገባ እሷ ሳህኑን ብቻ ታያለች።

"ይሄ ሁሉ እኔ ሆድ ነው የሚገባው?"

"እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ስላፈርሽ ቀንሰሻል።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "እኔን የቆጨኝ መብላቴ አይደለም" አለች። "ይሄን ሁሉ ዘመን ስበላ ኖሬ አንድ ቀን ምሳ አልበላሁም።"

በሚቀጥለው ሰኞ ስሄድ ማንኪያው ሽንኩርት ከታፊዋ እጅ ውስጥ ነበር። እትዬ ሽርጧን አውልቃ ከሠራተኞቹ ጋር ወንበር ስባ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷን ጠረጴዛው ሥር ዘርግታ። በትንሽ ሳህን ትንሽ ሩዝና ስጎ ቀረበላት። አንዴ ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች። ያን ፊት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጨው አንሶታል። እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሳይሆን ወደ ምድጃው በኩል ተነሳ፣ ልትጣራ።

ሽንኩርት ከታፊዋ ማንኪያውን እንደያዘች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ታያታለች። "እንዴት ነው?" አለቻት።

እትዬ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

"ደህና ነው" አለች፣ ቀስ እያለች እያኘከች።

እህቴ በምግብ ነገር ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።