ቸኩዬ እልል ያልኩለት አልጋ

ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ትናንት ከጎረቤቴ ከየሺ ጋር ከገበያ በባጃጅ ስንመለስ ጉድጓዱ አነጠረንና ያ ቀን ትዝ አለኝ። መቼስ ልጅነቴ የመጣብኝ በስተርጅና ነው።

ሰኔ ነበር። የልጄ ልጅ ሰናይት ለመመረቅ ጥቂት ቀርቷት፣ ነፍሰ ጡር ከገጠር እስከ ሉማሜ አስፋልት የሚያወጣ የጋሪ አልጋ ትሠራ ነበር። በእንጨት እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በማግስቱ ለመምህሯ ታሳያለች፤ ካልሆነላት ምረቃዋ ለዓመት ይገፋል።

አልጋው ነፍሰ ጡሯን እንደያዘ ስፕሪንግ ላይ ተቀምጧል። ጋሪው ድንጋይ ሲረግጥ ይዘላል፤ ከዚያማ መቆም የለ! ድንጋዩ ካለፈም በኋላ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል።

«ኧረ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ መንገድ ላይ ልትገላገል ነው!»

«እማማ፣ አያስጨንቁኝ! የስፕሪንጉን ጥንካሬ በቁጥር ስሞላ የዳምፒንጉን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ዝላዩን የሚያበርደው እሱ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ከሄደ አብሮ ሊሄድ ነው። እኔ በጭንቀት የገብስ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ ጥርስ እንደተረፈው ሰው።

አንድ ቁጥር ሰጠችው። ትንሽ በረደ እንጂ አልቆመም።

«ጨምሪበት!»

«ጨው ነው እንዴ እማማ?» አለች፤ ግን ጨመረች። አልጋው ቀጥ! እልልታዬን አቀለጥኩት።

የሺ ዝናቡን ከነጠላዋ እያራገፈች ዘው አለች። «ማን ወለደ?»

«ማንም። አልጋው ቆመ!»

የሰናይት ፊት ግን ጠቆረ። «በዛ፣ እማማ። ስፕሪንጉ እንደ ግንድ ደረቀ። አሁን ድንጋዩ ሲመታ፣ ምቱ እንዳለ ሴትዮዋ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው።»

እልልታዬን መልሼ ዋጥኩት። እሷ ቁጥሩን ቀስ እያለች ዝቅ ስታደርግ፣ እኔና የሺ አንዴ አልጋውን፣ አንዴ አምፖሉን እናያለን። በመጨረሻ አልጋው ዘለል አለ፣ ትንሽ ተወዛወዘ፣ ከዚያ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛ።

«ሴቭ አደረግኩት!» ከማለቷ መብራቱ ድርግም። እኔ ግን እልል ለማለት ፈራሁ።

ተመረቀች። ጋሪው እስካሁን ከኮምፒዩተሩ አልወጣም። እኔም ከዚያ ወዲህ ጸጥ ያለ ነገር ሳይ ቶሎ አላምንም፤ ሰውም ቢሆን።

ይህንን ትናንት ለየሺ እያስታወስኩ ስስቅ፣ ባጃጁ ሌላ ጉድጓድ ገባ። ወገቧን ይዛ አፈጠጠችብኝ።

«የኮምፒዩተሯ ሴትዮስ ተመችቷታል» አለች፤ «የኛ ቂጥ ግን ይኸው!»