ፉል ሲጠራ ተከፍቶ የቀረው ሞተር

ካርቱም፣ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ያለው ወርሻ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን በስድብ ነው የጀመረው። ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች ማግስት፣ ዶላር የጠፋበትና ሥራ የቀዘቀዘበት ጊዜ ነበር። የወርሻው፣ ማለትም የጋራዡ ባለቤት ሐጅ ባቢክር ሞተር ሳይክል አስመጪ ናቸው። ገና ከሣጥን የወጣ ሞተር ሳይክል ፊት አቆሙኝና "ገጣጥመው" አሉኝ። መሪውን አሰርኩ፣ ፍሬኑን ወጠርኩ፣ ሰንሰለቱን ለካሁ። ልረግጠው እግሬን ሳነሣ ሐጅ እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ።

"ዘይቱስ፣ ያ ሐይዋን?" አሉኝ። አንተ እንስሳ ማለታቸው ነው።

ጎንደር ውስጥ አሥር ዓመት ጋራዥ የሠራሁ ሰው፣ በሣጥን የሚመጣ ሞተር ዘይት እንደሌለው ረሳሁት። አንድ ጊዜ ብረግጠው ኖሮ የዚያኑ ቀን ወደ መተማ እመለስ ነበር። ደግነቱ ሐጅ ተሳድበው ሲያበቁ ይረሳሉ። ወዲያው ቀጠሩኝ።

ወርሻው ደረጃ አለው። ከታች ሣጥን ከፋች ነው፤ ቀጥሎ ገጣጣሚ፤ ከዚያ የሰርቪስ መካኒክ። ከሁሉም በላይ ሞተር ከፍቶ የዳማን ወረቀት ላይ የሚፈርመው ነው። ዳማን የሚሉት ዋስትናውን ነው። አንድ ሞተር ዓመት ሳይሞላው ከተበላሸ፣ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ወይስ የባለቤቱ የሚለውን የሚወስነው የዚያ ሰው ፊርማ ነው። በሦስት ዓመት እዚያ ደረስኩ። ሰዉም "ባሽሞሐንዲስ" ይለኝ ጀመር፣ ኢንጂነር ማለት ነው። ሱዳን ውስጥ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ እኔም አልተቃወምኩም። እንዲያውም ኩራቴ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ሞተር በድምፁ ብቻ አውቃለሁ እያልኩ አፌን ሞልቼ አወራ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቴን ነው።

ከሥራው እኩል መማር የነበረብኝ ነገር ፈጡር ነው። የካርቱም ሠራተኛ ቁርሱን የሚበላው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ፉሉ በትልቅ ትሪ ይመጣል፣ አንዱ "ተፈደሉ!"፣ ኑ ብሉ ብሎ ይጣራል፣ ሁሉም የያዘውን ጥሎ እጁን ይታጠባል። ባለቤትም፣ ሣጥን ከፋችም፣ ሞተሩን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ተጠርቶ የቀረ ሰው የተናቀ ያህል ያስቀይማል። ረቡዕና አርብ እኔ ስለምጾም ፉሉ ላይ የተነሰነሰውን አይብ ወዲያ ማዶ ገፋ አድርገው ዘይት ብቻ ያለበትን ጎን ይተዉልኛል። ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ጾም በአራት ሰዓት አይፈታም እባላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጅዲ ሞተር ሳይክሉን በአህያ ጋሪ አስጭኖ መጣ። መጅዲ ማዮ የሚባለው የካርቱም ዳር ሰፈር ሰው ነው። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የአርማጭሆ ልጅ ናት። በእናቱ በኩል ዘመድ አድርጎኝ "ኻል" ይለኛል፤ የእናት ወንድም፣ አጎት ማለት ነው። አማርኛው ይሰባበራል፤ ሲናደድ ደግሞ ጨርሶ ዐረብኛ ይሆናል። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ካለ አከፋፋይ መድኃኒት እየተቀበለ ለፋርማሲዎች የሚያደርሰው በዚያች ሞተር ነው። የሚስቱን የወርቅ አምባር ሸጦ ነበር የገዛት፤ ገና ሰባት ወሯ ነው።

"ኻል፣ ሞተር ሞተች" አለኝ። "ትናንት መንገድ ላይ ቀጥ አለች፣ ኸላስ። አትዞርም።"

"ያለ ዘይት ነድተሃታል" አልኩት፤ ገና በእጄ ሳልነካት።

"ወላሂ ዘይት አለ! እኔ ራሴ ቀይሬ!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ኻል፣ ስማኝ። ሱቅ ዐረቢ ሐሙስ ጠዋት ካልመጣህ ሥራውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለውኛል። ሐሙስ! እኔ ሌላ ሥራ የለኝም።"

እኔ ምን አደረግኩ? የዳማኑን ወረቀት አውጥቼ፣ ሞተሩን ሳልከፍት፣ "የባለቤቱ ቸልተኝነት" ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው እጄን ልቆርጠው ይቃጣኛል። መጅዲ በትከሻዬ በኩል አየው፤ ዐረብኛ አንባቢ ነው። ሄዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ወጉ ነውና ከፈትኩት። የታችኛውን ቡሎን ሳላላ ዘይቱ ወረደ። ለካሁት፤ ልኩን ነው፣ ንጹሕም ነው። ሲሊንደሩን አነሣሁ። ቤላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ከሚዞርበት ከኮሎው ጋር ተጣብቆ፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ይሄ ዘይት ያጣ ሞተር መልክ ነው። ዘይት ሞልቶት ዘይት አጥቶ ሞቷል ማለት ነው። እንግዲህ ዘይቱን መንገድ ላይ ያስቀረው ነገር አለ።

የቀኙን ክዳን ፈታሁ። ከፓምፑ በፊት ዘይቱ የሚያልፍበት ትንሽ የሽቦ ወንፊት አለ። ሳወጣው ትል የመሰለ ቀይ ሲሊኮን ተጠቅልሎበት አየሁ። ክው አልኩ። ፋብሪካው የሚጠቀመው ግራጫ ነው፤ ቀዩ የእኛ ነው። በዚያ ሰሞን ዶላር ጠፍቶ ክዳኑ ሥር የሚደረገው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ስለማይገባ፣ ክዳን በከፈትን ቁጥር በጓርኒሲዮኑ ፋንታ ቀይ ሲሊኮን ነበር የምንቀባው። መዝገቡን ገለጥኩ። የመጅዲ ሞተር፣ የመጀመሪያ ሰርቪስ፣ ከቀኙ ክዳን ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፣ ተከፍቶ ተዘግቷል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

ሲሊኮኑን ማንም ሳያየኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አዎ፣ አደረግኩት። ያኔ ደግሞ "ተፈደሉ!" ተባለ።

መጅዲም ተጠርቶ ከጎኔ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠ ሳቅ አለ።

"ይሄን ትሪ ዐውቀዋለሁ" አለ። "ያን ቀን፣ መጀመሪያ ሰርቪስ፣ ሞተር የኔ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። ቀይ ቀብተህ ነበር። ኻል ጨርስ አልኩህ፤ አንተ ፉል ይቀዘቅዛል አልክ። አብረን በላን።"

ልጁ ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ አብረን መብላታችንን ማስታወሱ ነበር። እኔ ግን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። በካርቱም ሙቀት ሲሊኮን አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ላዩ ቆዳ ያወጣል። በልቼ ስመለስ ደርቆ አግኝቼዋለሁ። ፍቆ አንሥቶ እንደ አዲስ መቀባት ነበር ደንቡ። እኔ በላዩ ላይ ደረብኩበትና ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ ዘይቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ከርሞ ወንፊቱ ላይ ዐረፈ።

እጄን ሳልታጠብ ሐጅ ቢሮ ገባሁ። ቀዩን ትል ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ከመጅዲ ሞተር የወጣ ነው።"

"የማን እጅ ነው?"

"የእኔ ነው፣ ሐጅ።"

ሐጅ ሲጮኹ አያስፈሩም። ያን ቀን ግን ሳይጮኹ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በእሳቸው ስም ነው ያለው። ካባረሩኝ ሥራዬ ብቻ ሳይሆን አገሩም ያበቃል።

"ስማ ዓለሙ" አሉኝ በመጨረሻ። "ኩሽኔታው ከፋብሪካው ደካማ ነበር ብለህ ጻፍ። ፋብሪካው ሞተር ይተካል። ለአንተም ለእኔም ለልጁም ይበጃል።"

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ጣፈጠኝ። "መልሱ በስንት ቀን ይመጣል?" አልኩ።

"አርባ ቀን፣ ኢንሻአላህ።"

"ልጁ ያለው እስከ ሐሙስ ነው።"

"አላህ ካሪም" አሉ፤ አላህ ለጋስ ነው ማለታቸው ነው።

"ሐጅ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ አካል ለብቻው የመጣ አንድ ሞተር በሣጥኑ አለ። ጥፋቱ የወርሻው ነው ብዬ ከፈረምኩ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም። እርስዎ ዛሬውኑ ሊሰጡት ይችላሉ።"

"ፋብሪካውስ ይተካልኛል?"

"አይተካልዎትም።"

"ታዲያ ለምን ብዬ?"

"እኔ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሳልከፍት ያንን ልጅ ውሸታም አድርጌ ጽፌበታለሁ። ሁለተኛ ወረቀት ላይ አልዋሽም። ከፈለጉ ያባርሩኝ" አልኳቸው።

ሐጅ ትሉን በእስክሪብቶ ጫፍ አንሥተው አገላበጡት። "ነገ ጠዋት ግጠምለት" አሉ። "ፊርማህን ግን ከዚህ ወረቀት በኋላ እዚህ ወርሻ ውስጥ ማየት አልፈልግም።" የጻፍኩትን ሰርዤ "የወርሻው ጥፋት" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የሚፈርመው ከእኔ በታች የነበረው መካኒክ ሆነ።

ለመጅዲ ራሴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

"ትናንት ሚስቴም ዘይት ረስተህ ነው አለችኝ" አለ። "አንተም አልክ። እኔ ራሴ፣ ኻል፣ እውነት ረስቼ ይሆን አልኩ።"

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ወደ ማዮ በእግሩ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ሣጥኑን ሰበርኩ። አዲሱን ሞተር አግብቼ ቡሎኖቹን በልካቸው አጠበቅኩ፤ ካርቡራተሩን፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ ሰንሰለቱን እያልኩ ስቀጥል አራት ሰዓት ሆነ። ትሪው መጣ። አንዱ "ተፈደሉ" ሊል አፉን ሲከፍት ሐጅ ከቢሮ ወጡ።

"ማንም አይነካም" አሉ። "ይቺ ሞተር ተነሥታ ሳትጮህ ዛሬ ፉል የለም። ለእኔም የለም።"

ጉድ ፈላ! ዘጠኝ የተራበ ሰው ከብቦኝ ቆመ። ፉሉ ይቀዘቅዛል፣ ዳቦው ይደርቃል፣ እኔ ቡሎን አጠብቃለሁ። አንዱ "ዛሬ ሁላችንንም አስጾምከን" አለኝ። መጅዲ ከዳር ቆሞ ነበር። አልተጣደፍኩም። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እያንዳንዷን ቡሎን ሁለት ጊዜ ነካሁ። ልረግጥ እግሬን ሳነሣ ዘጠኙም በአንድ ድምፅ፦

"ዘይቱስ፣ ያ ባሽሞሐንዲስ?"

የመጀመሪያ ቀኔን ታሪክ ወርሻው በሙሉ ያውቃል። ዘይቱን ቀድሜ ሞልቼ ነበር፤ መለኪያውን አውጥቼ ዞር እያልኩ ለእያንዳንዳቸው አሳየሁ፤ ለሐጅም ጭምር። ረገጥኩት። በሁለተኛው ተነሣ።

መጅዲ ጠጋ ብሎ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ትሪው ጋ ተቀመጠ። ረቡዕ እንደምጾም ማን እንደነገረው አላውቅም፤ አይቡን በጣቱ ወዲያ ማዶ ገፋው።

"ኻል" አለኝ፣ "ተፈደል።"

በማግስቱ ሐሙስ፣ ገና በማለዳ፣ መድኃኒቱን ጭኖ በወርሻው ደጅ ክላክስ እያደረገ አለፈ።

ለሙያው ልጆች የምለው ይሄን ነው። ሲሊኮን ቀብታችሁ ምግብ ከተጠራ፣ መጀመሪያ ክዳኑን ዝጉ። ሳትዘጉ ከበላችሁ ፍቃችሁ እንደ አዲስ ቀቡ። ሞተር ሳትከፍቱ ወረቀት አትጻፉ።